ቅቤ የተንሳፈፈበት ባሕር

ኮሎኔሉ ሞቶ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ተቀበረ። እኔና ወንድሜ ታደሰ ቀብሩ ላይ የተገኘነው ሐዘን ገብቶን አይደለም። የአንድ ሰፈር ሰዎች ነን፣ እድራችንም አንድ ነው፤ ደግሞ ታደሰ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ልሂድና ልየው፤ በእርግጥ መግባቱን በዓይኔ ልየው» ስላለኝ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደረገ የኮሎኔሉ የእህት ልጅ የሕይወት ታሪኩን አነበበ። ጎበዝ አንባቢ ነው፣ የት ላይ ድምፁን እንደሚያነሣ ያውቃል። «ጠላትን ድንበር አሻግሮ ያሳደደ፣ ከባሕሩ ዳርቻ በኮዳው ውኃ ቀድቶ ለአገሩ ወዳጆች ያጠጣ ጀግና» የሚለው ላይ ሲደርስ አነሣው። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ ወደ ታደሰ ዞር አልኩ። የያዘውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፍቶ አፉን አሸተተና አንድ ጉንጭ ጠጣ። ታደሰ ውኃ ሳያሸት አይጠጣም። ከሱቅ የገዛው፣ ክዳኑ አሁን የተሰበረ ውኃ ቢሆንም ያሸተዋል። የማያውቁት ሰዎች ንቀት ይመስላቸዋል። ንቀትስ የምንንቀው ሌላ ነው፤ እሱን ነው ዛሬ የምጽፈው።

ያን ጊዜ እኔና ታደሰ እናታችን ከሞተች በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀርተን፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ዝቅ ብሎ እትዬ ብዙነሽ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ዛሬ ማዞሪያው ላይ ሚኒባሶቹ እርስ በርስ እየተጋፉ ረዳቶቹ የሚጮሁበት ቦታ ያኔ ሰፊ ጭቃ ነበር፤ ከጭቃው ዳር አንድ ፌርማታ፣ ከፌርማታው ጀርባ ፓስቲ የምትጠብስ ሴትዮ። ፓስቲው አሥር ሳንቲም ነው፤ ከአሥር ሳንቲም ሻይ ጋር ሲሆን ቁርስ ሆኖ እስከ ምሳ ያደርሳል። አውቶቡሱ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ሰይቼንቶ ታክሲ ግን ሃያ አምስት ስለሆነ የምንሳፈረው ደመወዝ የተቀበልን ዕለት ብቻ ነው። ከአጣና ተራ የሚመጣው የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሽታ ዝናብ ሲዘንብ ሰፈሩን በሙሉ ይሞላው ነበር። አሁንም አንዳንዴ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ የመወጣጫው እንጨት ያን ሽታ ያመጣብኛል፤ ቆም ብዬ ስቤው እሄዳለሁ። ውኃ ከቦኖ ነበር የሚቀዳው፣ አንድ ጀሪካን አምስት ሳንቲም። ወረፋው ላይ የሚሰማው ጨዋታ በራዲዮ ከሚሰማው ሁሉ ይሻል ነበር። በራዲዮ የሚሰማው ማርሽ ነው። ጠዋት ማርሽ፣ ምሳ ላይ ማርሽ፣ ማታ ዜና ሊጀምር ሲል ማርሽ። ታደሰ ያበጠረው አፍሮ ነበረው፤ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ሰፍቶ ጫማውን ይሸፍናል፤ በሸሚዙ ኪስ ሁልጊዜ ማበጠሪያ ይሰካል። ወታደር ሆኖ ሲሄድ መጀመሪያ የወሰዱበት ያን ፀጉር ነው። ማበጠሪያውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜም ፀጉሬ የሳሳ ነበር።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ግን በዚያን ዘመን አንድ ወዳጅ አገር ነበረን፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ በራዲዮም «ወዳጅ አገር» ብቻ ነበር የሚባለው። ያ ወዳጅ አገር ታንክና መጽሐፍ ያለ ገደብ ይልክልን ነበር። ታንኩን አልነካሁትም፣ መጽሐፉን ግን ገዛሁ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገበ ቃላት ፒያሳ በሁለት ብር ይሸጥ ነበር፤ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ይረክሳል። ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የአገሩን ራዲዮ እየሰማሁ፣ ያልገባኝን ቃል በማግስቱ ከመዝገበ ቃላቱ እየፈለግሁ፣ ሳልቸኩል ተማርኩት። አንድን ቃል «እንዲህ መሰለኝ» ብዬ ማለፍ አልችልም ነበር፤ አሁንም አልችልም። በዚህ ጠባዬ የተነሣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ የነዳጅና የመጓጓዣ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ሆንኩ። ያለችኝ አንዲት ቡናማ ኮት ነበረች፤ መርካቶ ሰልባጅ ተራ በስምንት ብር ገዝቻት፣ አንዱ እጅጌዋ ከሌላው ትንሽ ስለሚያጥር ሁልጊዜ ያንን እጄን ኪሴ ውስጥ እከት ነበር። ሰዎች ኩራት ይመስላቸዋል።

ጦርነቱ በምሥራቅ ነበር። ጠላት ከአገር ወጣ ተብሎ ሰልፍ ተወጥቷል፣ ተዘምሯል። ታደሰ በኮሎኔሉ ጦር ውስጥ የውኃ ቦቴ ይነዳ ነበርና የሰልፉ ዕለት እኔና እትዬ ብዙነሽ ከማንም በላይ ደስ ብሎን ነበር፤ አለቀ፣ ይመጣል ብለን። ግን በወዳጆቻችን ኤምባሲ በኩል ሌላ ጭንቀት ተነሣ። ጦሩ ድንበሩ ላይ ይቆማል ወይስ ያልፋል? ካለፈ የጎረቤቱ አገር ወዳጆች ይገባሉ፣ እነሱ ከገቡ ደግሞ የእኛ ወዳጆች ሳይወዱ በግዳቸው ይከተላሉ። «መስፋፋት» የሚለውን ቃል በእነሱ ቋንቋ ያን ሰሞን የሰማሁትን ያህል በዕድሜዬ ሌላ ቃል አልሰማሁም። ሁሉም የሚፈራው አንድ ሰው ነበር፤ ያን ኮሎኔል።

ከኤምባሲው የሚመጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው አማካሪ ነው፣ ሠራተኛው ሁሉ «ረጅሙ» ይለዋል። ግራጫ ሱፍ ይለብሳል፤ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ አልሰማሁትም፤ «እንግዲህ ሁኔታው ከዚህ አቅጣጫ ሲታይ…» ይልና መስኮቱን ያያል። ጭንቀቱን እንደ ክራቫቱ ጠዋት አስሮ ማታ የሚፈታ ሰው ነበር። ሁለተኛው አጭር፣ ሆዱ የቀደመ ጸሐፊ ነው። እሱን «ሰናፍጭ» ነበር የምንለው፣ ምክንያቱም ምግባችንን ከእኛ ይበልጥ ይወደዋል፤ ቁርጥ ሲበላ ሰናፍጩን እንደ ሾርባ በማንኪያ ይጨልፈዋል። የትኛው ወጥ ውስጥ ኮረሪማ እንደገባ፣ የትኛው ውስጥ ኮሰረት እንደበዛ ቀምሶ ይናገር ነበር። ከመልካም ሥራዎቹ ሁሉ የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው።

ኮሎኔሉ ደግሞ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ይኖር ነበር። መልከ መልካም ሰው ነበር፤ ይህን አልክድም። ካኪው በደንብ የተተኮሰ፣ ቦቲው ፊት የሚያሳይ። እኛ በቦኖ ወረፋ ስንጋፋ እሱ ባኞውን ሞልቶ ቢራ ያቀዘቅዝበት ነበር። ይህን የነገረችኝ እትዬ ብዙነሽ ናት፣ የቪላው ወጥ ቤት እሷ ስለሆነች። «አንድ ባኞ ሙሉ ውኃ ልጄ! ለቢራ! ገላውን ግን በሳህን ነው የሚታጠበው» ትለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ኮሎኔሉ ከግንባር መጥቶ በሬ ጥሎ ሁለቱን ዲፕሎማቶች ጋበዘ። እኔ ለማስተርጎም ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፣ መኮንኖቹ በዙሪያው ተቀምጠዋል፣ ሥጋው ተንጠልጥሏል። ሰናፍጭ እጅጌውን ሰብስቦ ቢላውን እንደ አገሬው ወደ አፉ እያስጠጋ ይቆርጣል። ረጅሙ አንዲት ቁራጭ በሹካ ይዞ አየር ላይ አቆያት። ጠጁ ሞቅ ሲያደርግ ኮሎኔሉ ተነሣ፤ ሽጉጡን መዝዞ ወደ ላይ አድርጎ ዳሱ መሀል ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ፎከረ።

«ዘራፍ! ገዳይ በረሃው ላይ፣
የማይመለስ ባሕሩን ሳያይ፤
ከባሕሩ ዳር በኮዳው ቀድቶ፣
ለወዳጆቹ ያጠጣል መጥቶ!»

«ጎሽ! ጎሽ!» አሉ መኮንኖቹ። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። አባቶቻችን ሲፎክሩ ከሰማይ ኮከብ አወርዳለሁ ያሉ አሉ፤ በማግስቱ «ኮከቡስ?» ያላቸው ሰው የለም። ፉከራ በ«ጎሽ» ይዘጋል፣ ዋንጫ ይነሣል፣ ሰው ወደ ሥጋው ይመለሳል። ኮሎኔሉም ተቀምጦ ላቡን እየጠረገ ነበር። ከድንበሩ እስከዚያ ባሕር ያለውን በረሃ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል፤ የመሻገር ሐሳብ ቢኖረው ኖሮ በጠጅ ላይ አይናገረውም ነበር።

«ምን አለ?» አለኝ ሰናፍጭ እያኘከ።

ያለውን ቃል በቃል ነገርኩት። ማኘኩን አቆመ።

«ባሕሩ ዳር? የጎረቤት አገር ባሕር?»

«ፉከራ ነው» አልኩት። «ባህል ነው። ማንም አይጠይቀውም፣ እሱም አያደርገውም።»

«ብሏል ወይስ አላለም?»

«ብሏል። ግን የተባለው እንዲደረግ አይደለም።»

ሰናፍጭ ወደ ረጅሙ ጆሮ ጎንበስ ብሎ ተናገረ። ረጅሙ ሹካውን አስቀመጠ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣና ሊናገር የፈለገውን ነገረኝ። በዕድሜው አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የመረጠው ያን ሰዓት ነበር።

«ይህን በአማርኛ ባልለው ይሻላል» አልኩት በቋንቋው፣ ዝቅ አድርጌ። «በሰው ፊት ከተባለ ሰውዬው ይዋረዳል።»

«ለግልጽነት ሲባል» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ቃል በቃል፣ እባክህ።»

ስለዚህ ተናገርኩት። «ጓድ ኮሎኔል፣ አሁን የተናገሩት ሁሉ የባህል ጨዋታ ብቻ እንደሆነና ከልብዎ እንዳልሆነ አስተርጓሚያችን አስረድቶናል። ይህን በማወቃችን እፎይ ብለናል። ለዚህ እንጠጣ።»

ቢላዎቹ ቆሙ። ሁለቱ ዲፕሎማቶች ብርጭቆአቸውን ከፍ አድርገው ቆመዋል፤ ከእነሱ በቀር የተነሣ የለም። ኮሎኔሉ መጀመሪያ መኮንኖቹን አየ፤ እነሱም እሱን አዩት። ከዚያ እኔን።

«ማነው ጨዋታ ነው ያለው? አንተ ነህ?»

«ባህል ነው ብያለሁ፣ ጓድ ኮሎኔል።»

«የማን ልጅ ነህ አንተ? ሰፈርህ የት ነው?»

«እዚሁ ኮልፌ።»

«ወንድም አለህ?»

«አለኝ። እርስዎ ጦር ውስጥ ነው ያለው፤ የውኃ ቦቴ ሾፌር ነው።»

አንድ ሻለቃ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ኮሎኔሉም ሳቀ። መውጫ ያገኘ ሰው ሳቅ ነበር።

«ጎሽ! ውኃ የለመደ ሰው ነዋ! እንግዲህ ከባሕሩ የሚቀዳልኝ ያንተ ወንድም ነው። ንገራቸው። ከጾሙ በፊት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አጠጣቸዋለሁ በላቸው። ጨዋታውን ያኔ ያዩታል።»

ነገርኳቸው። ረጅሙ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ፣ ግን ብርጭቆው በእጁ ስለነበር ጠጣው። ይኸው ነው። እስካሁን ድረስ መንግሥታት እንዴት ጦርነት እንደሚያሰፉ በቁም ነገር የሚያስረዱ ሰዎች በቴሌቪዥን ሳይ፣ ፊቴ የሚደቀነው ያ ዳስ ነው፤ አንዱ ተናግሮ መተው ያፈረ፣ ሌላው ሰምቶ መተው ያልቻለ ሁለት ጎልማሳ፣ በመሀላቸውም አጥንት የሚቆረጣጥም ሰናፍጭ።

ብዙም ሳይቆይ ከምሥራቅ መለዋወጫ ሊወስድ የመጣ አንድ ሾፌር የታደሰን መልእክት ይዞ እትዬ ብዙነሽ ግቢ ገባ። ጫማውን አራግፎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «ታደሰን ከሦስት ሰው ጋር በአንድ ጭነት መኪና ድንበር አሻግረው ልከውታል» አለኝ። «ሁለት ኮዳ ሰጥተውታል፤ አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለባሕሩ። የመመለሻው ነዳጅ ከኋላ ይከተላችኋል ተብለው ነው የሄዱት። ታደሰ ምን አለ መሰለህ፣ ‹ለወንድሜ ንገረው፣ አፍህ ውኃ አስቀዳኝ በለው።› እየሳቀ ነው የሄደው።»

እትዬ ብዙነሽ የያዘችውን ሰፌድ መሬት ላይ ጣለችው።

በማግስቱ መሥሪያ ቤት ስገባ ሁለቱም ዲፕሎማቶች ቢሮ ውስጥ ነበሩ። ወደብ ላይ ያለው ነዳጅ እንዲቆም ወስነዋል። የሚሰጠው ምክንያት «የቴክኒክ መዘግየት» ነው፤ እንድተረጉምላቸው የፈለጉት እሱን ነበር። ረጅሙ ካርታው ፊት ቆሞ በጣም ረክቷል።

«ነዳጅ ከሌለ ድንበር ማለፍ የለም» አለኝ። «ጦርነቱም አይሰፋም። ይህ ነው የእኛ ሥራ፤ ድምፅ የለውም።»

«ወንድሜ ግን አልፏል» አልኩት። «አራት ሆነው በአንድ መኪና። መመለሻ የላቸውም። ነዳጁን ካቆማችሁ በረሃ ላይ ይቀራሉ።»

ዓይኑ ከካርታው ላይ አልተነሣም። «በይፋ አልተነገረንም።»

«እኔ እየነገርኳችሁ ነው።»

«አንተ አስተርጓሚ ነህ» አለኝ፣ በቁጣ አይደለም፣ በእውነት እንዳዘነ ሰው። «አንድ መኪና አልፏል ብለን ካመንን፣ ማለፉን አውቀን ዝም አልን ማለት ይሆናል። ማለፉን ካወቅን ደግሞ… እንግዲህ ሁኔታው…» መስኮቱን አየ። ሰናፍጭ ከኪሱ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ መልሼ አኖርኩት። ከረሜላው ሲንከባለል የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ ወድቆም ማንም አላነሣውም።

ወደ ኮሎኔሉም ሄጃለሁ። በረንዳው ላይ ፀጉሩን እየተስተካከለ ነበር። ስለ ታደሰ ስጠይቀው ዓይኑን ሳይገልጥ «ሥራ ላይ ነው» አለኝ። ነዳጁ መቆሙንማ ያውቃል። ሲቆምበት አልተናደደም፤ እንዲያውም ቀለል ያለው መሰለኝ። አሁን ባይሻገር ጥፋቱ የወዳጆቹ ነው። የቀረበት ዕዳ ያ የተናገረው ኮዳ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ባሉት ጥቂት ቀናት ጠዋት ጠዋት ማዞሪያው ፌርማታ ላይ ቆሜ ከመርካቶ የሚመጣውን አውቶቡስ እጠብቅ ነበር፤ ከምሥራቅ የሚመለሱ ወታደሮች አንዳንዴ በሱ ስለሚመጡ። አንዱ ክራንች ይዞ፣ አንዱ የካርቶን ሻንጣ ይዞ ይወርዳል። «የውኃ ቦቴ ሾፌር፣ ታደሰ የሚባል፣ ፀጉሩ ብዙ የነበረ» እላለሁ። ፀጉሩን ለምን እንደምጠቅስ አላውቅም፤ ሁሉም የተላጩ ነበሩ።

ጾሙ ሊገባ ሲል፣ በቅበላው እሑድ፣ ኮሎኔሉ ሁለተኛውን ግብዣ አደረገ። ገና ግቢ ስገባ እትዬ ብዙነሽ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ጠቀሰችኝና በክንዴ ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችኝ።

«አንተ ልጅ፣ እንዳትደነግጥ። ጠዋት ራሱ መጥቶ ኮዳ ሰጠኝ። ‹ሙዪና ጨው ጨምሪበት፣ ባሕር ባሕር እንዲል› አለኝ። ለማንም ከተናገርሽ ብሎም ሽጉጡን ነካ አደረገ።»

«የታደሰ ኮዳ ነው?»

«ኧረ አዲስ ነው! ዋጋው እንኳ ከጀርባው አልተነሣም።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ምን ላድርግ? ከጀሪካኑ ቀዳሁ፣ ጨው በጠበጥኩ። ደግሞ የእኔ ነገር፣ በወጡ ማማሰያ ነው ያማሰልኩት። ሳየው ቅቤ ነክቶታል። ለመድፋት ስል ‹አምጪ!› ብሎ ወሰደው። እኔ ባሕር ምን እንደሚል ምን አውቄ? ቀምሼ አላውቅ!»

ኮሎኔሉ ጠረጴዛው ላይ ለጠጅ የማይበቁ ትንንሽ የአረቄ ብርጭቆዎች ደርድሮ ነበር። ኮዳውን አነሣ፣ ለመኮንኖቹ አሳየ፣ ቀስ ብሎ ቀዳ። «በላቸው፣» አለኝ፣ «ቃሌን የማከብር ሰው ነኝ በላቸው።» አልኳቸው። ብርጭቆው ላይ ጎንበስ ስል ክብ የቅቤ ዓይን ትንሳፈፋለች፤ ወርቃማ፣ ዙሪያዋ ትንሽ ቀላ ያለ። ረጅሙ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አነሣ፤ በእሱ ቤት እየጠጣ ያለው የሚቀጥለውን ጦርነት ነው። ቀመሰ፤ ፊቱን አጨፈገገ። ሰናፍጭ ግን ከንፈሩን አረጠበ፣ ምላሱን ላንቃው ላይ አዞረ፣ እንደገና ቀመሰ። ከዚያ በቋንቋቸው፣ ፊቱን ሳይለውጥ፣ «በዚህ ባሕር ውስጥ ኮረሪማ አለ» አለ።

ረጅሙ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሣው። የቅቤዋን ዓይን አያት። እስከዚያች ቀን ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

«እግዜር ይመስገን» አለ፤ እግዜር የለም የሚል መንግሥት የላከው ሰው። «የትም አልሄደም!»

ሁለቱም ቆመው አጨበጨቡ። ከልባቸው ነበር። ኮሎኔሉ በአድናቆት መሰለው፤ ደረቱን ነፋ፣ መኮንኖቹም አጨበጨቡ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ደስ ብሎት አይቼ አላውቅም፤ አንዱ አታለልኩ ብሎ፣ ሌላው አልተታለልኩም ብሎ። ጭብጨባው ጋብ ሲል እኔ ሳልጠየቅ ተናገርኩ።

«ጓድ ኮሎኔል፣ ይህን ውኃ የቀዳው ወንድሜ የት ነው?»

«አልኩህ አይደል፣ ሥራ ላይ ነው» አለ፣ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ።

«ምን አልከው?» አለኝ ረጅሙ። ነገርኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «ውኃው ከወጥ ቤት ከሆነ ማንም አልተሻገረም ማለት ነው። ወንድምህ ደህና ነው። ደስ ይበልህ!» እውነት መስሎታል። ሊያምን የፈለገውን ለማመን ከኮረሪማ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገውም። እዚያው ቪላ ውስጥ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው ስልክ፣ የነዳጁ የቴክኒክ መዘግየት እንዲያበቃ ትእዛዝ ሰጠ። ያን ስልክ ያገናኘሁለት እኔ ነኝ።

ነዳጅ የጫኑት መኪናዎች ወጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ የታደሰ ጓደኛ የሚነዳው ነበርና ድንበሩ ላይ አልቆመም፤ የእነታደሰን የጎማ ዱካ ተከትሎ ሄደ። መኪናውን አገኘው። ከአራቱ ሁለቱ በሕይወት ነበሩ። ባሕሩን ማናቸውም አላዩትም። የመጠጡ ኮዳ ሲያልቅ ዝገትና ኬሚካል ያለበትን የራዲያተሩን ውኃ አውጥተው ጠጥተዋል፤ ግርማ የሚባል የዘነበወርቅ ሰፈር ልጅ ከሁሉም አብልጦ ጠጥቶ ከሁሉም ቀድሞ ሞተ። ለባሕሩ የተሰጣቸው ኮዳ ባዶውን፣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ነበር።

ታደሰ እዚያ ፌርማታ ላይ ሲወርድ አላወቅሁትም፤ አጠገቤ ቆሞ «ማበጠሪያዬን መልስ» አለኝ። ቤት ወስጄ ውኃ ስሰጠው ጣሳውን አሸተተ። ያን ጊዜ ነው የጀመረው። የቅቤዋን ነገር ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ሲስቅ ሲስቅ ቆይቶ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። ሲበርድለት ተነሥቶ ወደ እትዬ ብዙነሽ ቤት ሄደና ጉልበቷን ሳመ።

«ምን አደረግኩ ልጄ?» አለች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ጨው በጠበጥኩ እንጂ።»

ኮሎኔሉ ሜዳይ ተሸለመ። ረጅሙ የሥራ ጊዜው አልቆ ሲሸኝ በስንብቱ ላይ ንግግር አድርጎ ነበር፤ አንድ ትልቅ ጦርነት እንዳይሰፋ ያደረገው ድምፅ የሌለው ዲፕሎማሲ ነው አለ፤ እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት። እትዬ ብዙነሽ የመጨረሻ ዕድሜዋን እዚያው ግቢ ውስጥ ኖራ ሞተች። ቤቱም ግቢውም ፈርሶ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ቆሞበታል፤ ከታች መድኃኒት ቤት፣ ከላይ ቤርጎ። ቪላው ግን አለ። ከቀብሩ መልስ ድንኳን የተተከለው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ዳሱ የነበረበት ቦታ ላይ ነው።

ተቀምጠን ንፍሮ እየበላን ሳለ መነጽር ያደረገው የእህት ልጅ ማይክራፎኑን ይዞ ተነሣ። አንድ ሰው ጠቁሞት ይሆናል፣ ወደ እኛ እያየ ነበር።

«ያን ታሪካዊ ውኃ ከባሕሩ የቀዱት አባት ዛሬ ከመካከላችን እንዳሉ ተነግሮኛል! አባቴ፣ እባክዎ ይነሡልን። በአንደበትዎ ይንገሩን።»

ታደሰ ለመነሣት ጉልበቱን ይዞ ትንሽ ቆየ። ሁሉም ዞረው አዩት። ማይክራፎኑ ሲደርሰው እንደ ጠርሙሱ ሊያሸተው ነው ብዬ ነበር።

«ውኃውን የቀዳችው እትዬ ብዙነሽ ናት» አለ።

ልጁ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። ግራ ተጋብቷል፣ ግን ቶሎ የሚያገግም ልጅ ነው። «ሴት ጀግኖቻችንም የተረሱ መሆናቸውን ዛሬ ተምረናል» አለ። «ለጀግናዋ ለብዙነሽ፣ ነፍስ ይማር!»

«ይማር!» አለ ድንኳኑ በሙሉ።

«ግርማንም ጨምር» አለ ታደሰ።

«ለጀግናው ለግርማም፣ ነፍስ ይማር!»

«ይማር!»

በዚያ ድንኳን ውስጥ፣ ቀብሩም ላይ፣ ከተባለው ሁሉ እውነቱ ይኸው ብቻ ነበር፤ ያለውም ሰው ምን እንዳለ አላወቀም። ታደሰ ማይክራፎኑን መልሶ ተቀመጠ። ጠርሙሱን ከእግሩ ሥር አነሣ፣ ክዳኑን ፈታ፣ አሸተተና መጀመሪያ ለእኔ ሰጠኝ። እኔም አሸትቼ ጠጣሁ።